የአባ ራያ ሲባጎ

አባ ራያ ማረፋቸውን የሰማሁት ጅማ መርካቶ ውስጥ፣ ለትንሿ ልጄ የፋሲካ ቀሚስ እያማረጥኩ ሳለ ነው። ዕለቱ የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ነበር። ነጋዴው ይጣራል፣ እናት ትከራከራለች፣ ልጅ ያለቅሳል፤ እኔም ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል አጣብቄ ነበር ያነሳሁት። የደወለችው ልጃቸው ናት፣ ከሊሙ ገነት። አባቷ ትናንት ጠዋት እንዳረፉ፣ ቀብራቸውም እንደ ደንባቸው ትናንቱኑ እንደተፈጸመ ነገረችኝ። "ላንቺ ሳልነግር መዋል አልሆነልኝም" አለችኝ።

ሻጩ "እህቴ፣ ትወስጂዋለሽ ወይስ ልመልሰው?" ሲለኝ ቀሚሱን በፌቨን ጀርባ ላይ ዘርግቼ በዓይኔ እየለካሁ እንደነበር ትዝ አለኝ። ፌቨን አራት ዓመቷ ነው፤ ልብስ ሰፊ ለክቷት አያውቅም። ቀሚሱን መልሼ ልጄን በእጄ ይዤ ወጣሁ። በዓይኗ የምትለካ እናት ቢያዩ አባ ራያ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ሰው ይየኝ አይየኝ ሳልል እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ።

አባ ራያ የቦሳ ኪቶ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸው አንዲት ክፍል ናት፤ የስፌት መኪናቸውን ግን በረንዳው ላይ አውጥተው ነበር የሚሠሩት፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ሰላም ካላሉ ስለማይሆንላቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የመነጽራቸው አንዱ እጀታ በክር የታሰረ ሰው ነበሩ። መርፌያቸውን ኮታቸው ላይ ሰክተው ይረሱትና ግማሽ ቀን ይፈልጉታል። የት እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያያል፤ ግን ማንም አይነግራቸውም፤ ፍለጋቸው ራሱ ያስቃል። በመጨረሻ ሲያገኙት "ማሎ፣ ጎረቤት አይደላችሁም እንዴ?" ብለው ይቆጣሉ። ማሎ በኦሮምኛ እባካችሁ ማለት ነው፤ እሳቸው ሲቆጡም፣ ሲለምኑም፣ ሲገረሙም ማሎ ነበር የሚሉት።

ጅማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሞልቷል። አባ ራያን ግን ከሌላው የሚለያቸው ከመኪናቸው ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ነበር። ግድግዳው ሙሉ ሚስማር ነው፤ በየሚስማሩ የቡና ጆንያ አፍ የሚሰፋበት ሲባጎ ይንጠለጠላል። እያንዳንዱ ሲባጎ የአንድ ልጅ ነው። የክርስቲያን ልጅ ከሆነ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ፣ የሙስሊም ልጅ ከሆነ ለሁለቱ ኢዶች ልብስ ሊያሰፋ ወይም እጥፋት ሊያስለቅቅ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ጫማውን አውልቆ የበሩ መቃን ላይ ጀርባውን ያስደግፋል። የሲባጎውን ጫፍ በተረከዙ ይረግጣል። አባ ራያ "ቢስሚላህ" ብለው ክሩን እስከ አናቱ ይስቡና ቋጠሮ ያስራሉ። ከዚያ በድሮውና በአዲሱ ቋጠሮ መሀል ጣታቸውን እየደረደሩ ይቆጥራሉ። "ሁለት ጣት!" ይሉና ወደ እናትየዋ ዞረው ይጠብቃሉ። "በይ እንጂ።"

እናትየዋ ክርስቲያን ከሆነች ተመስገን፣ ሙስሊም ከሆነች አልሃምዱሊላህ ሳትል መቀስ አያነሱም። እኔ አንድ የበዓል ዋዜማ ዶሮው ሳይገዛ መሽቶብኝ ስለነበር "ተመስገን፣ ተመስገን፣ በሉ ቶሎ" ብያቸው፣ መቀሱን አስቀምጠው ቁጭ አሉ። ሁለት ጣት በችኮላ አልመጣም፣ ቀስ ብለሽ በይው አሉኝ። ተናድጄ ቀስ ብዬ አልኩት። አንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለካ ደግሞ የሚቆጠር ጣት የለም፤ ቋጠሮው አንድ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ክሩን ከተረከዝ እስከ አናት በሁለት እጃቸው ዘርግተው ለእናትየዋ ያሳዩና "ይሄ ሁሉም ነው" ይሏታል። ለሁሉም ተመስገን በይ ማለታቸው ነው።

ሜትር አላጡም፤ ሜትር ቀኑን ሙሉ አንገታቸው ላይ ነው። አንድ ቀን ታዲያ ሲባጎው ለምን አስፈለገ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ሜትሩ የገበያ ነው፣ ለሁሉም አንድ ነው። ይሄ ግን የልጅቷ የራሷ ነው" አሉኝ። አባታቸው ሊሙ ገነት በአንድ የቡና መጋዘን ጆንያ ሰፊ ነበሩ፤ ቡና በተለቀመ ቁጥር ልጆቻቸውን በዚያው ሲባጎ ይለኳቸው ነበር አሉ። ክሮቹ ላይ ስም የለም። ባለቤቴ ግርማ፣ በምንም ነገር በቀላሉ የማይደነቅ ሰው፣ አንድ ቀን ሊፈትናቸው ክሮቹን ከየሚስማሩ አውርዶ አደባለቃቸው። አባ ራያ ዓይናቸውን ጨፍነው ቋጠሮ ቋጠሮውን እየዳበሱ የማን የማን እንደሆነ አንድ በአንድ ነገሩት። ግርማ ቤት ገብቶ "እኚህ ሰውዬ ጤነኛ አይደሉም" አለኝ፤ ሲያመሰግን እንዲህ ነው።

እናቴ ግን ይህን ነገር ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። አባቴ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ከመንዝ ወደ ጅማ ሲመጣ አብራው የመጣች ናት፤ ስትመጣ እምነቷንም ይዛ መጣች። "ልጅ በገመድ አይለካም፤ በገመድ የሚለካው ሬሳ ነው" ትላለች። እስቅባት ነበር። ስስቅባት ግን ቃሏ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ኖሯል፤ ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው።

ትልቋ ልጄ ብሌን ስምንተኛ ዓመቷን በያዘች ጊዜ ሰፈሩ የሚቀናባት ጨዋ ልጅ ሆናልኝ ነበር። አትሮጥም፣ አትጮህም፣ ብርጭቆ አትሰብርም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሹራቧን እንደለበሰች ሶፋው ላይ ትጋደማለች። ፊቷ ሞላ ሞላ ብሎ ያየ ሁሉ አማረባት ይል ነበር። መምህሯ እንዲህ ያለች ረጋ ያለች ልጅ አላየሁም ስትለኝ የእኔ አስተዳደግ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ያለፈው ዓመት ቀሚሷ ዘንድሮም ልክ ሲሆናት ደግሞ ደስ አለኝ፤ ልብስ የማትጨርስ ልጅ ሰጠኝ አልኩ።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ቅዳሜ ይዣት አባ ራያ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳው ልጅ በያዙ እናቶች ተሞልቷል። ቢስሚላህ ብለው ለኳት። ክሩን አውርደው እንደገና ለኳት። ሦስተኛ ጊዜም ለኳት። ቋጠሮው የመስከረሙ ቋጠሮ ላይ ነው ያረፈው፤ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ አሰሩት። ጣት አልቆጠሩም፣ በይ እንጂም አላሉኝም። ብሌንን "ከአዴ ዘህራ ውሃ አምጪልኝ" ብለው ወደ ባለቤታቸው ወደ ጓሮ ላኳትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያ ኢንተላ፣ ልጅቷ ቆማለች" አሉኝ። ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ነበር የሚሉኝ።

እኔ ግን ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። ያ የእናቴ ቃል ከተኛበት ተነሳ። እናቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ልጄን ያቆሟት እርስዎ ነዎት፣ ጤነኛ ልጅ በየበዓሉ በገመድ እየለኩ ቁመቷን ያሰሩባት እርስዎ ነዎት አልኳቸው። በአባቴ ዕድሜ ላሉ ሰው። ልጄን እየጎተትኩ ሄጄ ከመርካቶ የተዘጋጀ ልብስ ገዛሁላት። በረንዳው ላይ የነበረች አንዲት እናትም የልጇን እጅ ይዛ ተከትላኝ እንደወጣች አይቻለሁ።

ሳምንቱን ሙሉ በበራቸው አላለፍኩም። ግርማ ተቆጣኝ። እኔ ደግሞ ብሌን በተኛችበት እየሄድኩ እግሯን አየዋለሁ፤ አጭር ነው? ረጅም ነው? ምንም አላውቅም። እናቷ ነኝ፣ ልጄ አጭር ትሁን ረጅም አላውቅም።

የፋሲካ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ገበታ ቀርቦ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አባ ራያ ናቸው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው። በየዓመቱ በፋሲካ ይመጣሉ። የእኛን ሥጋ አይበሉም፤ ለእሳቸው ድፎ ዳቦና ሻይ ለብቻ ይዘጋጃል። ዘንድሮ ይመጣሉ ብዬ ስላልጠበቅኩ አላዘጋጀሁም ነበር። "እንኳን አደረሳችሁ" ብለው በር ላይ ቆሙ። ግርማ ተነስቶ አስገባቸው። ከተቀመጡ በኋላ ከኪሳቸው የብሌንን ሲባጎ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

"ዳቦ ልበላ አልመጣሁም" አሉ። "ማሎ ስሙኝ። ያቆማት ክሬ ከሆነ፣ ይኸው፣ እሳታችሁ ውስጥ ክተቱት። እኔም ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ልጅ አልለካም። ክሬ ካልሆነ ግን ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ሐኪም ይያት።"

እኔ ከእልሄ ገና አልወጣሁም፤ እናቷ ሳላየው እርስዎ እንዴት አዩት አልኳቸው።

"አንቺ በየቀኑ ነው የምታያት" አሉኝ። "በየቀኑ የሚያይ አያይም። እኔ በዓመት ሁለቴ ነው የማያት፤ ለዚህ ነው ያየሁት። ያንቺ ጥፋት አይደለም።"

ክሩን ጠረጴዛው ላይ አኑረውት ወጡ። ምድጃው እየነደደ ነበር። ክሩን አንስቼ ምድጃው አጠገብ ድረስ ሄድኩ፤ ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከበዓሉ ማግስት ሆስፒታል ወሰድናት።

ያየቻት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ብዙ ጠየቀችኝ፤ ይበርዳታል ወይ፣ ትተኛለች ወይ፣ ቆዳዋ ይደርቃል ወይ። ለሁሉም አዎ አልኩ። "ማደጓን የቀነሰችው ከመቼ ጀምሮ ነው?" ስትለኝ ግን ግርማን አየሁት፤ እሱም አያውቅም። አስታውሱ፣ ይሄ ይጠቅመኛል ስትል ቦርሳዬን ከፍቼ ሲባጎውን አወጣሁ። እያፈርኩ፣ ይሄ የእንቁጣጣሽ ነው፣ ይሄ የፋሲካ ነው እያልኩ ከላይ ወደ ታች ቆጠርኩላት። ሐኪሟ ክሩን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ በማስመሪያ ለካችው። ከታች በኩል ቋጠሮዎቹ እኩል እኩል ይራራቃሉ። ከዚያ ይጠጋጋሉ፤ አንድ ጣት ተኩል፣ አንድ ጣት፣ ግማሽ ጣት። ጫፉ ላይ ያ ቋጠሮ በቋጠሮ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዓይኔ ሥር የሆነው ነገር አንዲት የጆንያ ክር ላይ ተጽፎ ነበር።

"ይሄን የያዙት ባለሙያ የት ነው የሚሠሩት?" አለችኝ።

"ልብስ ሰፊያችን ናቸው" አልኳት። በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

የደም ምርመራው ሲመጣ አንገቷ ሥር ያለች ዕጢ ሥራዋን ቀስ በቀስ እያቆመች እንደነበር ነገሩን። ብርዱም፣ እንቅልፉም፣ ያማረባት ፊቷም ከዚያ ነው። ጨዋነቷስ ብዬ ጠየቅኩ። ሐኪሟ ጨዋነቷ የራሷ ይሆናል፣ ድካሟ ግን ሕመም ነው አለችኝ። በጊዜ ነው የመጣችሁት፤ ቢቆይ ኖሮ ያለፈው ቁመት አይመለስም ነበር አለችን። መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ የምትዋጥ አንዲት ትንሽ ክኒን ናት፤ ዕድሜ ልክ። ይኸው እስከ ዛሬ ያቺን ክኒን በመዳፏ ባኖርኩላት ቁጥር ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው የሚሰጧት ይመስለኛል። በሦስተኛው ወር ብሌን ግቢ ውስጥ ስትሯሯጥ ብርጭቆ ሰበረች። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ለእንቁጣጣሽ ክሩን ይዤ አባ ራያ ዘንድ ሄድኩ። የበረንዳቸውን ደረጃ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ቀና ስል ግድግዳው ባዶ ነው። ሚስማሮቹ ብቻ ቀርተዋል።

"አላቃጠልሽውም?" አሉኝ።

"አላቃጠልኩትም።"

ብሌን ሳትጠየቅ ጫማዋን አውልቃ መቃኑን ተደገፈች። ክሩን ግንባራቸው ላይ አስነኩት፤ ቢስሚላህ ብለው ሳቡት። ቋጠሮውን ካሰሩ በኋላ ጣታቸውን ደረደሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሦስተኛዋ ጣት ላይ ሲደርሱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ። "በይ እንጂ" አሉኝ። ተመስገን ልል ብዬ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ ብቻ አልኩ። "ይቅርታውን ለክሩ ንገሪው፤ የተሰደበው እሱ ነው" አሉኝና ሁለታችንንም አሳቁን።

የግድግዳውን ነገር የነገረችኝ አዴ ዘህራ ናት። ያን ቅዳሜ እኔ ጮኼ ከሄድኩ በኋላ ክሮቹን አንድ በአንድ አውርደው ፌስታል ውስጥ ከተቷቸው፤ ከዚያ ወዲያ ማንንም አልለኩም። የሰው ልጅ ነው፣ ያለችው እውነት ቢሆንስ ይሉ ነበር አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በራሳቸው ተማምነው የመጡ ይመስለኝ ነበር። እኚህ ሰው እኛ ቤት የገቡት ራሳቸውን ተጠራጥረው፣ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ለእሳት ይዘው ነበር። እኔ ብሆን እቀር ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የሰደበኝን ሰው በር ለማንኳኳት ግማሹን ድፍረት እንኳ በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል እንደሚባለው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ እኛ መርፌው ስለጠፋበት እንስቅበት ነበር። ያን ዕለት ፌስታሉን ተቀብዬ ክሮቹን መልሼ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። የትኛው በየትኛው ሚስማር እንደሆነ እሳቸው ቁጭ ብለው እያዘዙኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ዓይናቸው ሲደክም ቤቱን ዘግተው ሊሙ ገነት ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ፌቨን ያን ጊዜ ገና የምትታቀፍ ነበረች፤ መቃን ተደግፋ ሳትቆም ሄዱ።

ረቡዕ ዕለት ከብሌን ጋር በሚኒባስ ለለቅሶ ሊሙ ገነት ሄድን። ብሌን አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እኔን በአናት ትበልጠኛለች። ከቦሳ ኪቶ የመጡ ሌሎች እናቶችም ነበሩ። አዴ ዘህራ ያንኑ ፌስታል አውጥታ መሀላችን አኖረችው፤ የየልጃችሁን ውሰዱ አለችን። ክሮቹን ዘረገፍናቸው። እንደ ክምር ተቆላልፈው ተኙ። ስም የለባቸውም፤ የሚያውቃቸው አንድ ሰው ነበር፣ እሱም የለም። እናቶቹ አንዱን አንስተው፣ ሌላውን አንስተው፣ መልሰው ያስቀምጣሉ። አንዷ ይሄ ይሆን ይሆን እያለች አለቀሰች።

ብሌን ከአጠገቤ ተንበርክካ ዓይኗን ጨፈነች። ክሮቹን አንድ በአንድ በጣቶቿ መሀል አሳለፈች። ከቆይታ በኋላ አንዱ ላይ እጇ ቆመ። "እማ፣ ይኸውልሽ" አለችኝ። የተጠጋጉትን፣ ከዚያም ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ያረፈበትን ያን ጉብታ አግኝታው ነበር። ከዚያ ሁሉ ክር ስም ያለው የእኛ ብቻ ነው፤ ስሙም ያ የታመመችበት ቦታ ነው። አዴ ዘህራ አየችውና "ይሄንን ነው እጁ ላይ ይዞ ይውል የነበረው" አለች። ስንነሳ ብሌን የቀረ አዲስ ሲባጎ ካለ ብላ ለመነቻት፤ አንድ ጥቅል ሰጠቻት።

ቀዳም ሥዑር ጠዋት እናቴ ለበዓል መጥታ ሳሎን ተቀምጣለች። እኔ ሽንኩርት ላይ ነኝ። ብሌን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ካህናቱ ያደሏትን ቄጠማ ግንባሯ ላይ እንዳሰረች፣ ፌቨንን የሳሎኑ በር መቃን ላይ አቆመቻት። ጫማሽን አውልቂ፣ ቀጥ በይ፣ ጫፉን እርገጪው አለቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ "ቢስሚላህ" አለችና ክሩን ሳበችው። ሌላ አለካክ አታውቅም። እናቴ ምን ትል ይሆን ብዬ ቢላዬን ይዤ ከወጥ ቤት ወጣሁ። እናቴ ክሩን እያየች ነው።

ብሌን ቋጠሮውን አሰረች። ክሩን ከተረከዝ እስከ አናት ያለውን በሁለት እጇ ዘርግታ ወደ እኔ ዞረች።

"እማ፣ ይሄ ሁሉም ነው" አለችኝ። "በይ እንጂ።"

ከእኔ ቀድማ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ "ተመስገን" አለች። እኔም ቢላዬን አስቀመጥኩና፣ ሳልቸኩል፣ ቀስ ብዬ አልኩት።